የተኳለው ግንብ

ባልየው ጡረታ የወጣ ሰሞን ባለሳሎኗ ደስ ብሏት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ኮንክሪት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነው። ማታ ሲገባ ጫማው ሲሚንቶ ለብሶ፣ ወሬውም ሲሚንቶ ነበር፤ እንግዲህ እሱም ያርፋል፣ እኔም አርፋለሁ ብላ ነበር። ማን ሊያርፍ! በሳምንቱ ወንበር ይዞ የውበት ሳሎኗ ውስጥ ተሰየመ።

ሳሎኑ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው፤ ከመኖሪያው የሚለየው አንድ በር ብቻ ነው። ጸጉሯን በቢጎዲ ጠቅልላ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠችን ሙሽራ «ልጄ፣ ሙቀቱ በዝቶብሻል፤ ቶሎ የደረቀ ነገር ይሰነጠቃል» አላት። የሌላዋን ደንበኛ ፊት ደግሞ መነጽሩን አውልቆ ቀረብ ብሎ አየና፣ ሁለተኛው ሽፋን ከመጀመሪያው ጋር እንዳልተያያዘ፣ ዝናብ ከመታው እንደሚላጥ በትሕትና አስረዳት። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ በዚያ ደጅ አላለፈችም። ባለሳሎኗ ልትቆጣው ትነሳና ዓይኑን ስታየው ይከብዳታል፤ የሚቆጣጠረው ነገር ያጣ ሰው ዓይን ነው። ትወደዋለች፣ ችግሩም ይኸው ነው። ጥርሷን ነክሳ ወደ ማበጠሪያዋ ትመለሳለች።

ያዳናት ባቡር ነው። በከተማው የትንንሽ ባቡሮች ማኅበር የሚባል አለ። አባላቱ አዳራሽ ሙሉ ሐዲድ ዘርግተው፣ ተራራና መንደር ሠርተው፣ ክንድ የማያህል ባቡር በቁም ነገር የሚነዱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አባል መሆን የፈለገ ሰው ቤቱ አንድ ጣቢያ ሠርቶ ያሳያል፤ ከወደዱለት ጣቢያው ከትልቁ ሐዲድ ጋር ይገጠምለታል። ባልየው ይህን ሲሰማ የኋላውን ክፍል ተረከበና በሩን ዘጋ። ሳሎኑ ጸጥ አለ። ባለሳሎኗ ያን ሰሞን ቅንድብ እየቀነደበች ታንጎራጉር ነበር።

ጣቢያው እውነትም ያምራል፤ ጣት የማታህል ትኬት ቆራጭ እንኳ አልቀረችበትም። ከጣቢያው ጀርባ አፈሩን ደግፎ የሚይዝ ግንብ አለ፤ ርዝመቱ ሁለት ስንዝር፣ ከፍታው አንድ ጋት። ባልየው ጀሶ ከግራጫ ቀለም ጋር በጥብጦ፣ በቀጭን የጣውላ ሳጥን ውስጥ አፍስሶ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ፈግፍጎ ዝንብ የሚያንሸራትት አድርጎታል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው፤ ሲያስብ ስለሚያፏጭ ፊሽካ ይሉታል። መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ አፏጨ።

«ጣቢያው ሸጋ ነው» አለ። «ባቡሩም አርጅቷል፣ ጣሪያውም አርጅቷል። ግንቡ ግን ዛሬ ጠዋት የተሠራ ይመስላል። ዕድሜ የለውም።»

«ዕድሜ ማለት?» አለ ባልየው።

«ስንጥቅ፣ እድፍ፣ ውሃ የወረደበት መስመር። እንደዚህ ዓይነት ነገር ነዋ።»

«እኔ የተሰነጠቀ ኮንክሪት አስረክቤ አላውቅም።»

ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ግንቡ ብሶበት፣ ይባስ አብረቅርቆ ጠበቀው። ፊሽካ ሲወጣ ባለሳሎኗን በር ላይ አገኛትና፣ እሁድ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚያዩት፣ ካልሆነ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ አንድ ፋርማሲስት እንደሚሰጥ ሹክ አላት። ባልየው ራት ላይ ሳህኑን ገፋ አደረገ። «ይቅርብኝ» አለ። «ባቡርም የልጅ ነገር ነው። እሁድ ካልተቀበሉኝ ሳሎን ገብቼ አግዝሻለሁ።»

ባለሳሎኗን ትን አላት።

በማግስቱ በግልጽ ሞከረችው። «አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ብትጭርበት ምን ይልሃል?»

«አንቺ ሙሽራ ፊት ላይ መጨማደድ ትስያለሽ?»

«አልስልም።»

«በይ እንግዲህ» አለና ለእግር ጉዞ ወጣ።

ነገሩ እሷ ጆሮ ውስጥ ቀረ። ያ ሁሉ ዘመን የሰው ፊት መስመር ስትሸፍን የኖረች ሴት ናት፤ የሚሸፈነውን የሚያውቅ እጅ ደግሞ ማውጣቱም አያቅተውም። ደንበኞቿን ሸኘች፣ የሳሎኑን በር ቆለፈች፣ መርፌ፣ ኩልና የጸጉር ስፕሬይ ይዛ ወደ ኋላው ክፍል ገባች። ልቧ የሰው ጓሮ እንደገባ ልጅ ይዘል ነበር።

ከግንቡ መሃል ውሃ የሚወጣባት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለች። የሰው ፊት ቀድሞ የሚጨማደደው በዓይን ጥግ ነው፤ ስለዚህ ከቀዳዳዋ ጥግ ጀመረች። እጇን ሳታጠብቅ በመርፌው ወደ ላይ ጫረች። መስመሯ ትንሽ ሄደች፣ ሐሳቧን የቀየረች ይመስል ዞር አለች፣ ከዚያ እየሳሳች ጠፋች። ባለሳሎኗ ኩል ነካ አደረገችበትና በጣቷ ጠረገችው፤ የቀረው ጭረቱ ውስጥ የገባው ብቻ ነው። በላዩ የጸጉር ስፕሬይ ረጨችበት። ራቅ ብላ ስታየው፣ ያ ሁለት ስንዝር ጀሶ ዝናብ የጠገበ፣ ስንት መንገደኛ የተደገፈው ግንብ ሆኗል። ራሷን አደነቀች፤ የሚያደንቃት ሌላ ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት አልነበረም።

ባልየው ከጉዞው ተመልሶ ብዙ ሳይቆይ ጠራት። «ነይማ።» ድምፁ ሐኪም ቤት ያለ ሰው ድምፅ ነው። «ተሰነጠቀ።»

እሷም እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ገሚሱ ለድንጋጤ፣ ገሚሱ ፈገግታዋን ለመደበቅ። «ምን ነክቶት?»

«እሱን ነው የማጣራው። ከጥግ ነው የተነሳው። ትክክለኛ ስንጥቅ ነው፤ ኮንክሪት የሚሰነጠቀው ከጥግ ነው።»

ባለሳሎኗ ያልቆጠረችው ነገር ይህ ነበር። ስንጥቁን አይቶ፣ ትንሽ አጉረምርሞ፣ እንዳለ የሚተወው መስሏት ነበር። እሱ እቴ! ውሃ ልክ አምጥቶ ጠረጴዛውን ለካ፤ አንዱ እግር አጥሯል ብሎ ካርቶን አጥፎ አስገባበት። በሮች እንዳይወረወሩ አወጀ። ቴርሞሜትር ይዞ ሳሎን ገባና በደንበኞቿ መካከል እየተዘዋወረ ሙቀት ለካ፤ ካስኮቹ ግድግዳውን ስለሚያግሉት ከእንግዲህ በአንድ ጊዜ ሁለት እንዳይሠሩ ወሰነ። የካስክ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ደንበኛ «እትዬ፣ ሰውየው የመብራት ኃይል ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ባለሳሎኗ ከዚህ ሽሽት ብላ የቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ራሷ ገብታ ቆመች።

እሱ በዚህም አልበቃውም። ታላላቅ ሕንፃዎች ሲሰነጠቁ እንደሚደረገው፣ ስንጥቁን አሻግሮ የጥፍር ስፋት ያላት ስስ ብርጭቆ አጣበቀበት። «ግንቡ ከተንቀሳቀሰ ብርጭቆዋ ትሰበራለች» አላት። «እንግዲህ ዓይናችንን እንጥልባት።» ጀሶ ግንብ፣ ከኋላው አፈር ሳይሆን ስፖንጅ ያለበት ግንብ፣ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ እሱ ነው የሚያውቀው።

እሷ ግን ሥራውን አንዴ ጀምራዋለች፤ ስንጥቅ ብቻውን ዕድሜ አይሆንም። በሚቀጥለው የእግር ጉዞው ሰዓት፣ ከቀዳዳዋ በታች በቡናማ የዓይን ቀለም ቀጭን የዝገት መስመር አወረደች። ከግንቡ ሥር አረንጓዴ ነካ አደረገችበት፣ እርጥበት እንዲመስል። ብርጭቆዋን ግን አልነካቻትም፤ እሷን መስበር ግፍ መሰላት።

ባልየው ዝገቱን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ጎንበስ አለ። «ፌሮ የለውም እኮ» አለ።

ባለሳሎኗ ክው አለች። ዝገት ብረት እንደሚፈልግ እሷ ከየት አምጥታ ታውቃለች?

«ውስጡ ምንም ብረት አላስገባሁም» አለ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። «ወይስ ሽቦ ረስቼበት ይሆን? አርጅቻለሁ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር አልረሳም ነበር።»

አንጀቷን በላት። ባሏ አርጅቻለሁ ሲል ሰምታው አታውቅም፤ ያስባለችው ደግሞ እሷ ናት። ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሁድን አሰበችና መልሳ ዘጋችው።

እሁድ ጠዋት ሙሽራ ነበረባት። የሙሽራዋን አንዱን ዓይን ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ስትዞር፣ ከኋላው ክፍል ፍግ ፍግ የሚል ድምፅ ሰማች። የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ነው። ብሩሿን እንደያዘች ሮጠች። ባልየው ብርጭቆዋን አንስቶ፣ ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች በአዲስ ጀሶ ደፍኖ፣ ዳር ዳሩን እየፈገፈገ ነበር። ዝገቱና እድፉ ጋ ገና አልደረሰም።

«ምን አደረግክ?»

«እንግዳ እየመጣ በተሰነጠቀ ግንብ ልቀበል?» አላት። በዚያው ቅጽበት በሩ ተንኳኳ።

ፊሽካና ሁለት ሰዎች ገቡ። ባለሳሎኗ በሩ ጋ ቆማ ቀረች፤ ከነገ ጀምሮ ባሏ ሳሎን ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይታያታል። ፊሽካ ጎንበስ አለ። አላፏጨም። በእድፋሙ ግንብ ላይ ከቀዳዳዋ ወደ ላይ የወጣውን ነጣ ያለ ልጥፍ በመነጽሩም ያለ መነጽሩም አየው።

«ይሄን ማን አሰበው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ባልየው አንገቱን ደፍቶ። «ዛሬ ጠዋት ነው ያደስኩት። ተሰንጥቆ ነበር።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ፤ የማሾፍ ሳቅ አልነበረም። «ባቡር በምነዳበት ጊዜ የጣቢያችን ግንብ ቁርጥ ይሄ ነበር» አለ ፊሽካ። «ተሰንጥቆ፣ መጥተው በሌላ ቀለም ደፍነውት፣ እድፉን እንዳለ ትተውት ሄዱ። ስንጥቅ ሁሉም ይሠራል። የተጠገነ ስንጥቅ ግን እስከዛሬ ማንም አምጥቶልን አያውቅም።» እጁን ዘረጋለት። «እንኳን ደህና መጣህ።»

ባልየው ጥገናው እንደተመሰገነለት ገባው፣ ደረቱ ሰፋ። ባለሳሎኗ እፎይ ብላ ወደ ቀረው የሙሽራዋ ዓይን ተመለሰች።

እፎይታዋ እስከ ምሳ ብቻ ቆየ። «ድልድያቸውንም፣ ዋሻቸውንም፣ የኮንክሪቱን ሥራ በሙሉ ሰጡኝ» አላት ባሏ። «ሁሉንም እዚህ አፈስሰዋለሁ። የዚህ ቤት አየር የተለየ ነው፤ ኮንክሪት በሳምንት ያስረጃል። እነሱም ሲያረጅ ለማየት በየተራ እየመጡ ሳሎን ይቀመጣሉ።»

ባለሳሎኗ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ስማኝ፣ አየሩ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ስንጥቁ። በመርፌ ጫርኩት፣ በኩል ሞላሁት። ዝገቱ የዓይን ቀለም ነው።»

ባልየው ትንሽ አያትና በርኅራኄ ፈገግ አለ። «የእኔ እመቤት፣ እኔን ለማጽናናት ነው አይደል? ስንጥቅ በእጅ አይሠራም። ይሄን ሁሉ ዘመን ያየሁትን ስንጥቅ ልታስተምሪኝ ነው?»

ንዴት ያዛት፤ ደግሞ ሳቋ መጣ። ተነስታ የተረፈ የጀሶ ቁራጭ፣ መርፌና ኩሏን አመጣች። ዓይኑ እያየ፣ የቁራጩን ጥግ ፈልጋ፣ እጇን ሳታጠብቅ ጫረች፤ መስመሯ ሄደች፣ ዞረች፣ ሳስታ ጠፋች። ኩል ነካ አደረገችና ጠረገች። ከመጀመሪያው ይበልጥ አማረላት።

ባልየው ቁራጩን ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አገላብጦ መረመረው። ልምዱን ሁሉ፣ ትዕግሥቱን ሁሉ ተጠቅሞ መረመረው።

«ጥሩ ሙከራ ነው» አላት፣ ላለማስከፋት እየተጠነቀቀ። «ግን የሰው እጅ እንዳለበት ያስታውቃል።»

ባለሳሎኗ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱም ያስቃት ነገር ባይገባውም አብሯት ሳቀ። ከዚያ ኮቱን ለበሰ፤ ማኅበሩ እየጠበቀው ነበር።

«ድልድዩን ማክሰኞ አፈስሰዋለሁ» አላት በሩ ላይ ሆኖ። «አደራሽን፣ እንዳትነኪው።»

«እኔ ምን አገባኝ?» አለችው።