ለውሻ የተሰጠ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ይሁን። የአደይ ልጅ ከተወለደ ሠላሳ አራት ቀኑ ነው፤ መልአኩ ግን እስካሁን የቡታጅራን መንገድ አላገኘውም። አጎቷ አንድ ስም ይዘው ድርቅ ብለዋል፤ እናቷ «ቆይ» ይላሉ፤ ባሏ አዳነ ምንም አይልም። ልጁ እስከዚያው «ይሄ»፣ «ትንሹ»፣ «አያ እንትን» እየተባለ ጡቱን ይጠባል። እንትን ተብሎ ክርስትና የተነሣ ሰው ደግሞ አደይ ሰምታ አታውቅም።

የሚያናድዳት ጠያቂው ነው። አራስ ጥየቃ የመጣ ሁሉ ገና ከደጅ «ስሙን ማን አላችሁት?» ይላል። የዚያን ቀን ጠዋት ጎረቤቷ ሃሊማ አንድ ቅል እርጎ ይዛላት መጥታ ነበር።

«አሁንም ገና ነው?» አለች ሃሊማ። «እኛ ዘንድ በሰባተኛው ቀን በጉ ታርዶ፣ ስሙ ወጥቶ፣ ሰው በልቶ ይበተናል።»

«እኛ ዘንድ በጉ አርጅቶ ይሞታል» አለች አደይ።

ሃሊማ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ወደ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ወደ አደይ እናት፣ አየት አደረገችና ቅሏን አንሥታ ሄደች። አደይ ይህንንም በሆዷ ያዘችው። ሰሞኑን ሰው ሁሉ እሷ ቤት ገብቶ ሳቁን ሳይጨርስ ነው የሚወጣው።

በእነሱ ቤት የሕፃን ስም የሚያወጣው የቤተ ዘመዱ ትልቅ ወንድ ነው። አዳነ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነው፤ የአደይ አባትም በሕይወት የሉም። ስለዚህ ነገሩ ለእናቷ ታላቅ ወንድም ለአባባ ባልቻ ደረሰ። እሳቸውም ከመስቃን ገጠር በበቅሎ መጡ፣ ሕፃኑን ገልጠው አዩ፣ «ተካ» አሉ።

«ተካ ይባላል። የአያቴ ስም ነው። በዚህ ቤት እሱን የሚያህል ስም የለም።»

የአያታቸው ስም መሆኑን ማንም አልካደም። ግን ተካ የሚባል ስም ሰው ከሞተ በኋላ ለተወለደ ልጅ የሚወጣ መሆኑን አገር ያውቃል። እነ አደይ ቤት ደግሞ በቅርቡ የሞተ ሰው የለም። የጠፋ እንጂ።

ታላቅ ወንድሟ ዱባለ ጣሊያን የመጣ ዓመት ከዘመቻው ጋር ወደ ሰሜን ሄዶ ነበር። ጦሩ ማይጨው ላይ ተፈቶ የተረፈው ሲመለስ እሱ ከተመለሱት መሀል አልነበረም። አንዱ «ተማርኳል» አለ፤ ሌላው «ከአርበኞቹ ጋር ከዘቢዳር ማዶ አየሁት» አለ። ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። አደይ ግን ወንድሟን ታውቀዋለች። ለማገዶ ወጥቶ በሦስተኛው ቀን የሚመለስ፣ «የት ነበርክ?» ሲባልም «እየመጣሁ ነበራ» ብሎ ማዕድ የሚቀርብ ሰው ነው። ልጇን ተካ ብላው ዱባለ አንድ ቀን ያንን በር ከፍቶ ቢገባ ምን ብላ ልታስተዋውቀው ነው? ቀብረንህ፣ በቦታህ ሰው አስቀምጠንልሃል ልትለው?

ሳትማክር የመረጠችው ስምም ነበራት። ልጁ በሆዷ ሳለ፣ ቀትር ላይ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ፣ ሆዷን እየዳበሰች «ጥላዬ» ትለው ነበር። ማንንም የማይቀብር፣ ማንንም የማይጠብቅ፣ የራሱ የልጁ የሆነ ስም ነው። ይህን ለአጎቷ ነገረቻቸው።

«ጥላ?» አሉ አባባ ባልቻ። «ጥላ ፀሐይ ሲዞር የሚሄድ ነገር ነው። ስም ነው ይሄ?»

«የሞተ ሰው ስም ከሚሰጡብኝ ይሻላል።»

«ስለ ሞተ ሰው ማን አወራ? ስለ አያቴ ነው የማወራው።»

«አያትዎስ አልሞቱም?»

ሽማግሌው ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። ወይዘሮ የሺመቤት ተከትለዋቸው ወጡና ሁለቱ ከእንሰቱ ኋላ ቆመው ረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። አደይ ከመደቧ ሆና ድምፃቸውን እንጂ ቃላቸውን አልለየችም። እናቷ ሲመለሱ ጠየቀቻቸው።

«እምዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ቆይ።»

«እስከ መቼ ነው የምቆየው?»

«ክርስትናው ይለፍ። ከዚያ ይደርሳል።»

«ድግሱ ላይ ሰው ስሙን ሲጠይቀኝ ቆይ ልበል? ቆይ ነው ስሙ?»

ወይዘሮ የሺመቤት ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ከመስቀል ወዲህ ራሴን ያመኛል ይላሉና ሻሹን ቀንም ሌትም ከራሳቸው አያወልቁትም። አደይን ያቃጠላት እንቢ አለማለታቸው ነው። ሌላው ቢቀር እናቷ ተካ የሚለውን ስም ሲሰሙ ቤቱን በጩኸት ይገለብጡታል ብላ ነበር። ከእሷ ሌላ በዱባለ ተስፋ ያልቆረጡ እሳቸው ብቻ ናቸውና።

ለዚህም ምስክሩ ውሻው ነበር። ከማይጨው የተረፈው በተመለሰ በወሩ ወይዘሮ የሺመቤት አንድ ቡችላ አምጥተው «አይቀርም» አሉት። በአገሩ የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ሳይሆን ለጎረቤት ነው። ከእነሱ በታች ያለችው ፀዳለ ከባሏ እህት ጋር ተጣልታ ውሻዋን «ምን አገባሽ» ብላዋለች፤ እህትየዋ በዚያ ባለፈች ቁጥር ውሻው ይጠራል። የወይዘሮ የሺመቤት መልእክት ደግሞ «ልጇ በዚያው ቀረ» ለሚል ሁሉ ነበር። ጠዋትና ማታ ከደጅ ቆመው «አይቀርም! ና፣ አይቀርም!» ሲሉ ሰፈሩ ሰምቶ ዝም ይል ነበር። ውሻውም ጉድ ነው። ከዚህ ስም በቀር በሌላ ቢጠሩት ጆሮውን አያነሣም።

አንድ ቀን አደይ በንዴቷ መሀል «ምነው ያንን ስም ለልጄ ባስቀመጥሽልኝ! ለውሻ አባከንሽው» ብላቸው ነበር። ውሻ የተጠራበትን ስም ደግሞ ልጅ አይጠራበትም። እናቷን ለማሳቅ የተናገረችው ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

አዳነን መጠየቅ ደግሞ ግድግዳ መጠየቅ ነው። ቀን ሙሉ ለጣሊያኖቹ መንገድ ድንጋይ ሲፈልጥ ውሎ፣ አቧራውን ሳያራግፍ ይገባና እጁን ታጥቦ ቆጮውን ይቆርሳል።

«አባቱ ነህ» አለችው። «አንድ ነገር በል።»

«እናትሽ እንዳሉ» አለ።

«እናቴ እኮ ምንም አላሉም!»

«እንግዲያው ይጠበቃል።» ዝም አይነቅዝም ብሎ የተረተው ሰው አዳነን ሳያውቅ አይቀርም።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ ውሻው ገመዱን በጥሶ ወደ ትልቁ መንገድ ወጣ። የጣሊያኖቹ ካሚዮን ከታች እያጓራ ሲመጣ ይሰማል፤ ባለፈው ሳምንት የአንድ ሰው በግ በዚያው ቦታ ደፍጥጦ አልፏል። ወይዘሮ የሺመቤት እየሮጡ ከአጥሩ ወጡ።

«ኩቲ! ና! ኩቲ፣ ኩቲ!»

ውሻው መንገዱ መሀል ቆሞ አንድ ነገር ያሸታል።

«አንተ! ና እንጂ! ና፣ ውሻ!»

«በስሙ ጥሪው!» አለች አደይ ከውስጥ። ካሚዮኑ ቀርቧል። «እምዬ፣ በስሙ ጥሪው እንጂ!»

እናቷ አልጠሩትም። ጠጠር አንሥተው ወረወሩ፣ አጨበጨቡ፣ «ኩቲ» አሉ፣ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። አደይ አራስ መሆኗን ረስታ፣ ልጁን እንዳቀፈች በሩ ላይ ወጥታ «አይቀርም!» አለች። ውሻው ቀና አለ፤ ተወርውሮ ገባ፤ ካሚዮኑ አቧራውን በላያቸው ለቅቆ አለፈ።

«በነፋስ ወጣሽ! ግቢ!» አሉ እናቷ።

«ለምን በስሙ አልጠራሽውም?»

«ድምፄን ዘጋኝ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ሲጮኹ የቆዩት ሴትዮ። ፊታቸውን አዙረው፣ ሻሻቸውን ለማሰር ሁለት እጃቸውን ወደ ማጅራታቸው ሰደዱ። ሻሹ በሩጫው ላላ ብሎ ነበር። ከሥሩ ሹሩባ አልነበረም፤ እንደ ሐዘንተኛ የተላጨ፣ ፀጉሩ ገና ጣት ያልሞላ ራስ ነበር።

አደይ ገብታ መደቧ ላይ ተቀመጠች። ልጁን ጡት አጎረሰችውና መቁጠር ጀመረች። እናቷ ውሻውን በስሙ ሲጠሩ መቼ ነበር የሰማችው? ከገና ወዲህ አልሰማችም። ከኅዳርም ወዲህ። ወደ ኋላ ሄዳ ሄዳ መስቀል ላይ ቆመች። የወጣ ሁሉ ወደ አገሩ በሚገባበት በዚያ በዓል አባባ ባልቻ ሳይጠበቁ መጥተው፣ ክትፎውን ሳይቀምሱ፣ እናቷን ከእንሰቱ ኋላ ጠርተዋቸው ነበር። ያን ጊዜ አደይ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ለአራስም አይነገርም፤ ወተቷ ይደርቃል ይባላል። ክርስትናው ይለፍ ማለት ይህ ነበር።

ቢሆንም ልቧ አላምን አላት። ማታ ማዕድ ሲቀርብ፣ ድምፅዋን እንደ ወትሮው አድርጋ፣ «ዱባለ ሲመጣ ሳልደርስለት ክርስትና አስነሣችሁት ብሎ ይቆጣል» አለች።

የአዳነ እጅ ቆጮው ላይ ቆመ።

«ይቆጣል» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት ቀስ ብለው። «መቼም ቁጡ ነው።»

ያኔ አወቀች። ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣው ንዴት ነበር። አምስት ወር ሙሉ ወንድሟን ከእሷ ደብቀውታል። ሃሊማ ታውቃለች፤ ፀዳለ ታውቃለች፤ ያ ሁሉ ሳቁን ያልጨረሰ ጠያቂ ያውቃል። ለልጅ ስም ስትሟገት፣ ሞኝ ሆና ስለሚመለስ ሰው ስትናገር፣ ሁሉም ተቀምጠው አይተዋታል። ልትጮህ ፈለገች። ልጁ ግን ጡቱን ይዞ ነበርና ሦስት ቀን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

በአርባኛው ቀን ልጁ ክርስትና ተነሣ። ቄሱ ገብረወልድ አሉት፤ እሱ ግን የቤተ ክርስቲያን ስም ነው፤ መጠሪያው ገና ይቀራል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤቱ በሰው ሞላ። ሰው ከበላ ከጠጣ በኋላ አባባ ባልቻ ተነሥተው ቆሙ፤ ወይዘሮ የሺመቤትም ከጓዳ ወጥተው «አያ፣ ቆዩ እንጂ» አሉ። ሽማግሌው እንደ መናደድ ብለው በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«እኔ እናገራለሁ» አለች አደይ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ተካ ነው ስሙ። ልጄ ተካ ይባላል።»

ስም ሲወጣ እልል ይባላል። እዚያ ቤት ግን አንድም ሰው እልል አላለም። አዳነ ቀና ብሎ አያትና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ወይዘሮ የሺመቤት የያዙት ዋንጫ ከእጃቸው ወደቀ።

«እልል በሉ እንጂ» አለች አደይ። «መስቀል ላይ የሰማችሁትን እኔም አውቄዋለሁ። ወተቴ አልደረቀም። የት ነው የተቀበረው?»

«ከዘቢዳር ማዶ» አሉ አባባ ባልቻ፣ ተቀምጠው። «በክረምቱ። ጓደኞቹ ቀብረውታል፤ ቦታውን አውቀዋለሁ።»

መጀመሪያ እልልታውን ያሰማችው ሃሊማ ነበረች፤ እየጀመረች እንባዋ አነቃትና ሌሎቹ ተቀበሏት። የጣሊያኖቹ ሰፈር ቅርብ ነው፤ ለአርበኛ ሙሾ ማውረድ ደግሞ ራስን ማሳሰር ነበር። እናትና ልጅ እልልታው እስኪያልቅ ድረስ ተቃቅፈው በእሱ ተሸፍነው አለቀሱ። አደይ ለአምስት ወር ዕዳ ይህ እንደማይበቃት ታውቃለች፤ ግን ያገኘችው ይህን ብቻ ነው።

ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል እንግዳው ተበተነ። ውሻው ከጓሮ አልፎ ሄዷል፤ ጅብ ሳይወጣ መግባት አለበት። አዳነ ወጥቶ «ቡቺ! ቡቺ!» አለ። አባባ ባልቻ «ኩቲ» አሉ፣ አፏጩ፣ አጥንት አሳዩ። ውሻው ከሩቅ ተቀምጦ ያያቸዋል፤ ንቅንቅ አላለም። ሰዎቹ ስም ለማውጣት ሲሟገቱ ከርመዋል፤ ለእሱ ግን ስሙ አንዴ ተሰጥቶታል፤ ሌላ አይቀበልም።

«እምዬ» አለች አደይ ከበሩ ሆና። «አንቺ ነሽ ያወጣሽለት፤ አንቺው ጥሪው።»

«እንዴት ብዬ ልጄ? በየትኛው አፌ?»

«ጅብ ይበላዋል።»

ወይዘሮ የሺመቤት ወደ አጥሩ ሄዱ። መጀመሪያ ስሙን ቀስ ብለው አሉት፤ ውሻው አልሰማም። ሻሻቸውን ከራሳቸው አውልቀው በእጃቸው ጨበጡ፤ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ እንደ ድሮው በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ።

«አይቀርም! ና፣ አይቀርም!»

ውሻው እየሮጠ መጣ።