ሃያኛው ጥያቄ

ቆይ፣ ከየት ልጀምር። ዛሬውኑ ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ፤ ስለዚህ ፊደሌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ።

አባዬ የድሮ ሳንቲም ይሰበስብ ነበር። እሱና ጓደኞቹ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከሰዓት ሠሪው ሱቅ በላይ ባለችው ክፍል ይገናኛሉ፤ እኔንም አባዬ አስመዝግቦኛል። መጀመሪያ ሳንቲም ይለዋወጣሉ፤ በማጉያ መነጽር አፍጥጠው ይከራከራሉ፣ ይኳረፋሉ። ከዚያ የዘፈን ጥያቄና መልስ ውድድር አለ። ሳንቲም ሰብሳቢን ከዘፈን ጋር ምን አገናኘው አትበሉኝ፤ ለማስታረቂያ ተብሎ ነው አሉ የተጀመረው። አሁን ከሳንቲሙ ይልቅ በዘፈኑ ነው የሚኳረፉት።

ጥያቄ አውጪው አባዬ ነበር። የዘፈኑን መግቢያ ካሴት ላይ ይቀዳና በራሱ ድምፅ ፍንጭ እየሰጠ ያወራበታል፣ ይቀልድበታል። መልሱን ያወቀ ሰው እጁን አያወጣም፤ ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ጧ ያደርጋል። ደህናውን ሳንቲም አይደለም እሺ። እዚያ ቤት ደህና ሳንቲም የሚመታ ሰው ከነፍሰ ገዳይ እኩል ነው። ሁሉም ለመምቻ የመደበው አንድ አልቆ የለሰለሰ ሳንቲም አለው። ጧ ሲል ቴፑ እዚያው ይቆማል፣ መልስ ይሰጣል፣ ካሴቱ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይጠነጠናል።

ለሽልማት ሁሉም አንድ ደህና ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ አሸናፊው አንዱን ይወስዳል። ውድድሩ ሲያልቅ ደግሞ ካሴቱ ሁሉም እያየ ይጠፋል። ድሮ "እገሌ የቆየ ካሴት እያጠና ይመጣል" ተብሎ ትልቅ ጸብ ተነስቶ ነበር። ሕጉን ያወጣው አባዬ ራሱ ነው።

አባዬ ከሞተ ሦስት ወሩ። ፎቶው ቤታችንን ሞልቶታል። ድምፁ ግን የትም የለም፤ የቀዳውን ሁሉ ማኅበሩ አጥፍቶታል። እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድምፁ ከጆሮዬ እየወጣ ነው። "ሚጢ" ሲለኝ አፉ ይታየኛል፣ ድምፁ አይመጣም። ትራስ ውስጥ ተደፍቼ ልሰማው እሞክራለሁ፤ የሚመጣልኝ የራሴ ድምፅ ነው።

ባለፈው ሳምንት የአባዬ መሳቢያ ውስጥ አንድ ካሴት አገኘሁ። "ለሚቀጥለው ውድድር" ይላል፣ በእጅ ጽሑፉ። እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጤነኛ ሰው ቢሆን ቴፕ ውስጥ ከትቶ ያዳምጠው ነበር። እኔ የአባቴ ልጅ ደግሞ የሳንቲም ፖስታ ውስጥ አሽጌ፣ ማሸጊያው ላይ ፈርሜ፣ እዚያችው ክፍል ድረስ ወስጄ ለማኅበሩ ሊቀመንበር ሰጠሁ። ምክንያቱም የማኅበሩ ካሴት ነው፣ ምክንያቱም ቀድሞ መስማት ማጭበርበር ነው፣ ምክንያቱም ደደብ ነኝ። ደረጃውን ወርጄ መንገድ ከተሻገርኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ሊያጠፉት ነው። ተመልሼ ሮጥኩ።

"ጋሼ፣ ከውድድሩ በኋላ ለእኔ ቢሰጡኝስ?"

ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ዛሬም ሲያዩዋችሁ ያረፈዳችሁ ይመስላችኋል። "ልጄ፣ ሕጉ የአባትሽ ነው" አሉኝ። "ለልጁ ብዬ የሱን ሕግ ላፍርስበት?"

ሰዓት ሠሪው ከጥግ ጣልቃ ገባ። "ሕጉ አሸናፊው ጠረጴዛው ላይ ካለው አንዱን መርጦ ይወስዳል ይላል አይደል? ካሴቱ የት ነው የሚቀመጠው ጋሼ? ጣራ ላይ ነው?"

ጋሼ መዝገቡን ገለበጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "ካሸነፈች ትውሰድ" አሉ።

በቃ፣ ማሸነፍ አለብኝ። አያችሁ? ካላሸነፍኩ አባዬ ሁለተኛ ሊሞት ነው።

ዛሬ ከሁሉም ቀድሜ ሄጄ የአባዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሱን መምቻ ሳንቲም ይዣለሁ፤ መሃሏ የተበሳ፣ ድምጿ የደነቆረ። ፊት ለፊቴ እትዬ ልብስ ሰፊዋ ናቸው። እትዬ ማለት ያልሰሙት ዘፈን የሌለ ሰው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ከፍተው ሰፍተዋል። ጋሼ ፖስታውን ለሁሉም አሳዩና ፊርማዬን አስመሰከሩ።

"አልሰማሽውም?"

"አባዬ ይሙት፣ አልሰማሁትም።"

ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ። እኔ እኮ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምምለው። እሱም ከአጠገቤ "ኧረ ገና ነኝ" ይለኝ ነበር። ዛሬም መልሱን እንደሚጠብቅ ሰው ዞር ብዬ አየሁ፤ ግድግዳ ነው።

"አምነንሻል ልጄ" አሉ እትዬ ቀስ ብለው። "ተቀመጪ።"

ቴፑ ተከፈተ። መጀመሪያ ሽሽሽ አለ። ከዚያ፦ "እንዴት ዋላችሁ ወገኖቼ። ሰዓት ሠሪው፣ ወንበሩን አታንቋቋ።"

ሰዓት ሠሪው ወንበሩን እያንቋቋ ነበር። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ቀጥ አለ። የእኔ ፀጉር የት እንደደረሰ አትጠይቁኝ። እሱ ነው። ያ ከጉሮሮው ሥር ሳቅ ያዘለ ድምፅ፣ እዚያው ከመሃላችን።

አንደኛው ጥያቄ። አኮርዲዮን ገባ፤ አወቅኩት። አባዬ "ይሄን ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁት..." ብሎ ሲጀምር ሳንቲሜን ጧ። ቴፑ ቆመ፣ መለስኩ፣ ልክ ነኝ፣ ካሴቱ ተጠነጠነ። ከደስታዬ ብዛት ልዘል ደረስኩ። ሦስተኛውንም እንዲሁ፣ አምስተኛውንም እንዲሁ። "አንድ ጊዜ፣ ሚስቴ እንዳትሰማ..." ጧ። "ያኔ ጫማ ስለሌለኝ..." ጧ።

ስድስተኛው ላይ ነው የነቃሁት። የት ነበር መጀመሪያ የሰማው? ጫማ ስለሌለው ምን ሆነ? ባወቅኩ ቁጥር አፉን የምይዘው እኔ ነኝ። ካሸነፍኩ ሁሉንም ቤቴ እሰማለሁ፣ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ። ግን እትዬ ቀላል ሰው አይደሉም፤ እሳቸውም እያቋረጡት ዘጠኝ አገቡ። እኔም ዘጠኝ። ሰዓት ሠሪው አንድ፤ እሷንም ገምቶ ነው።

"ሃያኛውን ያወቀ ያሸንፋል" አሉ ጋሼ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ እንደሚያደርጉት ካሴቱ የት እንደደረሰ የሚያሳየውን የቴፑን ቁጥር መዝገቡ ላይ ጻፉ።

"እሺ፣ ሃያኛ" አለ አባዬ። "የመጨረሻው ነው፣ ተረጋጉ።"

ሁለት ምት ሳይሞላ አወቅኩት። የማላውቀው ቢሆን ነው የሚገርመው። ሳንቲሜን አነሳሁ። እሱም ማውራት ጀመረ።

"ልጄ ሕፃን ሆና አልቅሳ አልቅሳ ዝም የምትለው ይሄን ስዘፍንላት ብቻ ነበር። ድምፄን ታውቁታላችሁ፣ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ነው። ሚስቴ ሁለታችንንም በመስኮት ልትወረውረን ነበር።" ሳቀ። "አሁን አድጋ ዓይኗን ታገላብጥብኛለች። ዘፈኑ ከሩቅ ሲመጣ ግን፣ እሷ ሳይታወቃት፣ እግሯ ምት ይመታል። አይቻታለሁ።"

እጄ አየር ላይ ቀረ። ማውረድ አልቻልኩም። እትዬን አየኋቸው፤ የሳቸውም እጅ አየር ላይ ነው። ያውቁታል፣ ከንፈራቸው ግጥሙን እያለ ነበር።

"ምነው፣ ማንም የለም?" አለ አባዬ። "ተኛችሁ እንዴ? እሺ፣ ትንሽ እጠብቃለሁ።"

ጠበቀ። ትንፋሹ ይሰማል። ከዚያ ዘፈኑ አለቀ፣ ቀጭ፣ ካሴቱ ቆመ።

እትዬ ሳንቲማቸውን ቀስ አድርገው እቅፋቸው ላይ አስቀመጡ። "ላንቺ ብዬ እኮ ነው ልጄ" አሉ። "ለምን አልመታሽም?"

"ሳላቋርጠው ልስማው ብዬ።"

እሳቸው ለእኔ ብለው፣ እኔ ለሱ ብዬ፤ አሸናፊ የለም። አሸናፊ ከሌለ ሁሉም የራሱን ሳንቲም ያነሳል፣ ካሴቱም ይጠፋል። ሰዓት ሠሪው "ጋሼ፣ ይተዉት በሞቴ" አለ። ጋሼ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠነጠኑ፣ ማጫወቻውንና መቅጃውን አንድ ላይ ተጫኑ። ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ። ተጫኑት ግን።

ማጥፋት ማለት በቃ እሱ ነው። ቴፑ በአባዬ ላይ ክፍሉን ይቀዳል። ሌላ ጊዜ እየተሳሳቁ፣ ሳንቲማቸውን እየጠቀለሉ ነው የሚያልፈው። ዛሬ ማንም አልተነሳም። ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ተቀምጠን የቴፑን ቁጥር አየን። አንደኛው ጥያቄ ሄደ። ጫማው ሄደ። ጋሼ ሳሉ። ሰዓት ሠሪው ወንበሩን አንቋቋና ደነገጠ።

ቁጥሩ ጋሼ ለሃያኛው የጻፉት ጋ ሊደርስ ሲል ተነሳሁ። ማሰቤን አላስታውስም። ሄጄ ቀጭ አደረግኩና ካሴቱን አወጣሁ።

"ሚጢ" አሉ ጋሼ። "ይዘሽው ከወጣሽ ስምሽን ከመዝገቡ እሰርዛለሁ። ያ ወንበርም የናንተ አይሆንም።"

"ይሰርዙት ጋሼ።"

እስክሪብቷቸውን አነሱ። ሲጽፉ አልቆምኩም። ሰዓት ሠሪው እንዳልፍ እግሩን ሰበሰበልኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ እንጃ፤ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ ያገኘኝ ሰው ይንገራችሁ።

ቤት ስገባ እማዬ ወጥ ቤት ዕቃ እያጠበች ነበር። ክፍሌን ዘግቼ ካሴቱን ከመጀመሪያው አስጀመርኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ወደ ሃያኛው ማጠንጠን እችል ነበር። ተቀምጬ ያንን ሁሉ ዝምታ ሰማሁ። የጋሼ ሳል። የእትዬ ጉንጭ ላይ የሚሄድ መሐረብ። የሰዓት ሠሪው ወንበር።

"ሰው አለ እንዴ?" አለች እማዬ ከወጥ ቤት።

"የለም እማዬ።"

ከዚያ የእኔ ወንበር ሲገፋ ተሰማ፣ የእኔ እርምጃ መጣ፣ ቀጭ አለ። ወዲያው፣ አንድ እስትንፋስ ያህል እንኳ ሳይቆይ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አብሮን ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ እንደነበረ ሰው፦

"እሺ፣ ሃያኛ። የመጨረሻው ነው፣ ተረጋጉ።"

የቧንቧው ውሃ ቆመ።

እማዬ አልተጣራችም። በበሩ ሥር የእግሯ ጥላ መጥቶ ቆመ። አልገባችም፤ እኔም ግቢ አላልኳትም። ካወራን እናቋርጠዋለን።