ሦስተኛው ጩኸት

«እስካሁን አላለቀሰችም እኮ።»

«ውይ! አንድ እንባ እንኳ?»

«አንዲት ዘለላም! እኔ ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ዓይኔን ከዓይኗ አልነቀልኩም።»

ሁለቱ ጎረቤታሞች ተንሾካሾክን ብለው ነው እንጂ፣ ወሬያቸው ማዶ ሰፈር ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ጥቁር ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ሶፋው ጥግ ላይ ተኮራምታ ሁሉንም ትሰማለች። ዞር ብላ «እናንተ፣ ማልቀስ ጠፍቶኝ መሰላችሁ?» ብትላቸው ደስ ባላት ነበር። ግን ምኑን ከምን አድርጋ ታስረዳቸው?

ነገሩ የተበላሸው ትናንት ቀብር ላይ ነው። የባሏ ሣጥን ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ሲል አፏን ከፈተች፣ ጩኸቱ ወጣ። ወጣና መጀመሪያ ያስደነገጠው እሷኑ ነው። ሦስተኛው ጩኸት ነበራ! «ጥርሱ ያልሞተው ሰውዬ» የሚለው ፊልም መጨረሻ ላይ የጮኸችው፣ ቀጥኖ ተነስቶ፣ ወፍሮ ወፍሮ፣ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቀው ያ ራሱ። ከኋላ አንድ የማታውቀው ሰው «እሷ ናት! ኧረ ራሷ ናት!» አለና ሳይታወቀው አጨበጨበ። ሌላው ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሷም አፏን ግጥም አደረገች። ከዚያ ወዲያ እንባው ደረቷ ላይ መጥቶ ይቆማል፣ እሷ ደግሞ «ያንን ጩኸት ይዞ ይወጣ ይሆን?» ብላ ትፈራና መልሳ ትውጠዋለች።

ሟች ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። በሥራ ቀን ፍሪጅ ይጠግናል፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው ይገድላል። በፊልም ነው እንግዲህ፣ በአስፈሪ ፊልም። ፊልሞቹ ሲኒማ ቤት በር ረግጠው አያውቁም፤ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፣ ወንበራቸው በተሰበረ ቪዲዮ ቤቶች ይታያሉ። ያያቸው ግን አይረሳቸውም፤ አንዱ በፍርሃት፣ አብዛኛው በሳቅ። የሬሳ ሣጥን ሲያስፈልግ የፍሪጅ ካርቶን ቡናማ ቀለም ይቀባል። ጭጋግ ሲያስፈልግ እርጥብ ሣር ይጨሳል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያስላል። ደሙን የምታፈላው ሚስቱ ናት፤ ቀይ ሥር፣ ስኳር፣ ቆንጠር ያለ የበቆሎ ዱቄት። መጀመሪያ እውነተኛ የበሬ ደም ሞክረው ነበር፣ ዝንቡ ከተዋናዩ በዛ። የጭራቁን ቆዳ ከአሮጌ ስፖንጅ የሰፋችው እሷ ናት። በየፊልሙ የምትሞተውም እሷው ናት። ምን ታድርግ! ሌላ ሴት ለመሞት ክፍያ ትጠይቃለች።

«ስትሞቺ እኮ ያምርብሻል» ይላት ነበር። የሰው ባል ስለ ዓይንና ስለ ጥርስ ያወራል፣ የእሷ ደግሞ እንዲህ ነበር። እሷም ታፍርና ደስ ይላታል።

እንግዲህ ልቡ ቆመና ሞተ። ዕድሜ ልኩን ሰውን በካርቶን ሲቀብር ኖሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ሣጥን ደረሰው። ቢያየው «ይሄንን ነበር የፈለግሁት!» ባለ ነበር።

በሩ አጠገብ ክራባቱን አጥብቆ የተቀመጠው የሟች ታላቅ ወንድም ነው። ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ ጡረታው ግን ፊቱ ድረስ አልደረሰም። የወንድሙን ፊልም አንድም ቀን አላየሁም ብሎ ይምላል። ለገባው እንግዳ ሁሉ «ወንድሜ ትምህርታዊ ፊልሞችን ያዘጋጅ ነበር» ይላል።

«ስለ ምን ጋሼ?» አሉ አንዲት አሮጊት ሻያቸውን እየተቀበሉ።

ታላቅየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ... ጤና አጠባበቅ።»

አሮጊቷ ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ የተረጨውን ቀይ እድፍ ቀና ብለው አዩት። «ይሄስ? ደም ነው እንዴ?»

«ቀይ ሥር ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ቀኑን ሙሉ የተናገረችው ይህችን ብቻ ነው።

ይሄኔ ጭራቁ ገባ። ጭራቁ የባንክ ጥበቃ ነው፤ ቁመቱ ከበር ይበልጣል፣ ዓይን አፋርነቱ ደግሞ ከቁመቱ። ፊልሞቹ ውስጥ የሚገድላት እሱ ስለሆነ ሰፈር ሁሉ ጭራቁ ነው የሚለው። ገና ሲያያት ተንበርክኮ እጇን ያዘና ይንሰቀሰቅ ጀመር።

«እትዬ! ስንት ጊዜ ገደልኩሽ! አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ከአፍሽ ወጥቶ አያውቅም! ባለፈው እንኳ በመጥረቢያ... ‹ደከመህ፣ ትንሽ እረፍ› ነው ያልሽኝ!»

አሮጊቷ ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እሱም የጤና ባለሙያ ነው» አለ ታላቅየው፣ ላቡን እየጠረገ።

ታላቅየው ጭራቁ ላይ ቂም ይዟል። ቀብር ላይ፣ ሣጥኑ ገመድ ላይ ሳለ፣ ይሄ ግንድ የሚያህል ሰው ጎንበስ ብሎ በሣጥኑ ግርጌ በኩል በጣቱ ሁለቴ መታ አደረገ። አድርጎም ቀጥ ብሎ ጠበቀ። የፊልሙ ሰዎች በሙሉ አብረውት ጠበቁ። ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ታላቅየው «ያ ምን የሚሉት ብልግና ነው?» ብሎ ቢያፈጥጥባት፣ አስረዳችው።

ባሏ ቀረጻ ሲያበቃ «በቃ!» ብሎ አይጮህም ነበር። ጎረቤቱ ጩኸት ሰልችቶት ስለነበር ምልክት አበጀ። የሞተው ሰው ተረከዝ ላይ በጣቱ ሁለቴ መታ ያደርጋል፤ አልቋል፣ ተነስ ማለት ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ሳይነኩህ መነሳት የለም። አንዴ ከመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ገድሏት፣ ዝናብ መጣና ሁሉም ካሜራውን ለማዳን ሮጡ። ሻይ ቤት ገብተው፣ አዝዘው፣ ግማሽ ከጠጡ በኋላ ነው «ሚስቴስ?» ያለው። እየበረረ ሲመለስ ውሃው ጆሮዋ ደርሷል፣ እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች ናት።

«ለምን አልተነሳሽም?»

«መቼ ነካኸኝ?»

ሳቀ፣ ሳቀና ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ደግሞ አለቀሰ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ያኔ ነው ጣቱን ተረከዟ ላይ አድርጎ «ሁለተኛ ብረሳሽ ይሄ እጄ ይቆረጥ» ብሎ የማለላት። ረስቷትም አያውቅም።

ይህን ስትነግረው ታላቅየው «ቅሌት!» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አሁን ከጭራቁ ኋላ ካሜራማኑ ገባ፣ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፎ። ይሄ ሰው መተዳደሪያው ሠርግ መቅረጽ ነው። ለዚህም ይሆናል፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ «እንኳን ደስ...» ሊል ምንም አልቀረውም። ምላሱን ነክሶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልናገር ነው። እንዳትቆጪኝ።»

«ተናገር።»

«‹ለቅሶ ቤት የመጣው› አንድ ትዕይንት ይጎድለዋል።»

እሷም ታውቃለች። ባሏ የጀመረው የመጨረሻ ፊልም ነው። ሟች በገዛ ለቅሶው ላይ በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ሚስቱ ታየዋለች፣ ትጮሃለች፣ ወድቃ ትሞታለች። ያቺ የሚስትየዋ ትዕይንት ነች የቀረችው። ለቅሶ ቤት ጠፍቶ ነው። ጥቁር የለበሰ ቤት ሙሉ ሰው ከየት ይመጣል? ሁለት እውነተኛ ለቅሶ ቤት ሄዶ ለምኖ፣ በአንደኛው በዱላ፣ በሁለተኛው በሻይ ማንቆርቆሪያ ነው ያባረሩት።

«እስቲ ዙሪያሽን እይ» አለ ካሜራማኑ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አየች። ሶፋው፣ ወንበሩ፣ አግዳሚው ሞልቷል፤ ሁሉም ጥቁር በጥቁር፣ ሁሉም ፊቱን አጥቁሮ፣ ሁሉም በነፃ። ባሏ በሕይወት ቢኖር ይህን ከማንም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነበር።

ታላቅየው ሰምቶ ኖሮ ተወርውሮ መጣ። «ምን አልክ? የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ? ውጣ! ካሜራህን ይዘህ ውጣልኝ!»

«ጋሼ፣ እሱ ራሱ ቢሆን...»

«እሱማ ድሮስ እብድ አልነበረም ወይ!»

«ተዉት ጋሼ፣ አልሠራውም» አለች እሷ። «የጠላሁት ፊልሙን አይደለም። ጩኸቱን ነው። ለባሌ የራሴን ለቅሶ ነው ማልቀስ የምፈልገው። እሱ ቁጥር ሰጥቶ ያስተማረኝን ጩኸት መልሼ እሱኑ ልሸኝበት? እኔ የራሴ የሆነ አንድ ለቅሶ የለኝም?»

ካሜራማኑ ተነስቶ ወደ ጓዳው፣ ስፌት መኪናዋና የጭራቁ ቆዳ ወዳሉበት ክፍል፣ ጠቀሳት። «ሳትጮሂም ቢሆን ይሄን እይልኝ። ባለፈው እሁድ የቀረጽኩት ነው።» ታላቅየውም ሊያስወጣው ተከትሎ ገባ።

በካሜራው ትንሽ መስኮት የሳሎኑ በር ታየ። ተከፈተ። ባሏ ገባ፣ በሠርጉ ሙሉ ልብስ፣ ፊቱ በዱቄት ነጭ ሆኖ። እጆቹን ዘርግቶ፣ እየተንገዳገደ፣ ሶፋው ድረስ መጣ። ከዚያ ዱቄቱ አፍንጫው ገባና አስነጠሰው። ሳቀ።

«አይቆረጥ፣ ይቀጥል» አለ ለካሜራማኑ። «እሷ እዚህ ጋ ትቀመጣለች። ታላቅ ወንድሜን በሩ ጋ ባስቀምጠው ደስታዬ ነበር። ያ ፊት እኮ ያለ ሜካፕ ለቅሶ ቤት ነው! እሺ አይለኝም እንጂ።» ዱቄቱን ከቅንድቡ ጠረገ። «ቢለኝ ግን...» ብሎ ተወው።

ታላቅየው የክራባቱን ቋጠሮ ያዘ።

«ከዚያ ሦስተኛውን ትጮሃለች» ቀጠለ ዱቄታሙ ሰውዬ። «ሦስተኛውን እኔ ያስተማርኳት ይመስላታል። እኔ ምን አውቄ! የራሷ ነው። እናቷ ያረፈች ቀን ነው የሰማሁት፣ እዚሁ ቤት። ‹እንዲህ የሚወድ ሰው አለ!› አልኩ በልቤ። ከዚያ ሰረቅኩባት፣ ቁጥርም ሰጠሁት። እንዳትነግራት፣ በመቀስ ትወጋኛለች።»

መስኮቷ ጨለመች።

ልብስ ሰፊዋ ትዝ አላት። ለዓመታት ስትጮህለት «አይደለም፣ አይደለም፣ ሌላ አለሽ፣ እኔ አውቃለሁ» እያለ ሲያደክማት፣ «በምን አወቅህ?» ስትለው ደግሞ ሽቦ እንደሚፈልግ ሰው ኪሱን ሲዳብስ።

«ሌባ» አለች። ሳቅ አመለጣት፣ እጇንም አፏ ላይ አደረገች። «የኔ ሌባ።» ከዚያ ሻርፗን አስተካከለች። «ተዘጋጁ። የሱን ሥራ በእንጥልጥል አልተውም።»

ሳሎኑ ሲነገረው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ወንበር ተሻማ። ሁለቱ ጎረቤታሞች «እኛ ይቺ ጋ ብንሆን እንታያለን?» አሉ። አሮጊቷ ጸጉራቸውን አስተካክለው «ይሄ ስለ ጤናው ነው?» ብለው ጠየቁ። ታላቅየው «እኔ የለሁበትም!» አለና ሄዶ በሩ ጋ፣ የቀድሞ ቦታው ላይ፣ ቅጭም ብሎ ተቀመጠ።

«እንደዚሁ ይሁኑልኝ ጋሼ» አለ ካሜራማኑ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

በሩን ከፈቱት። ደጁ ላይ ማንም የለም። ልብስ ሰፊዋ ከሶፋው ብድግ ብላ ባዶውን በር አየችው። ዱቄት የተቀባ ሰው ይገባል ብላ አሰበች፤ ከዚያ እንደማይገባ፣ መቼም እንደማይገባ ገባት። ጩኸቱ መጣ። ቀጥኖ ተነሳ፣ ወፈረ፣ ሊሰነጠቅ የሚገባው ቦታ ደረሰና አልተሰነጠቀም፣ አልፎ ሄደ። «ወይኔ! ወይኔ ወንድ ልጅ! ማነው አሁን የሚያስነሳኝ!» ይሄ የትም ድርሰት ላይ የለም። ማንም አላጨበጨበም። ጭራቁ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች ተቃቀፉ፣ ከሁሉም በፊት ካሜራማኑ ካሜራውን አውርዶ ፊቱን በእጅጌው ሸፈነ።

እሷም እንደ ደራሲው ፈቃድ ምንጣፉ ላይ ወደቀች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

አለቀ። ሰው ተነስቶ ወንበሩን መለሰ፣ ሻይ ተቀዳ፣ ስኒ ተንኳኳ። እሷ አልተነሳችም።

«ራሷን ሳተች እንዴ?» አለች አንዷ። ደረቷ ግን ከፍ ዝቅ ይላል፣ እንባዋ በተጨፈነው ዓይኗ ሥር ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። የፊልሙ ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል፣ ግን ማን ይድፈር? ጭራቁ አንድ እርምጃ ተጠጋና እጆቹን አያቸው። የእሱ እጅ ገድሎ እንጂ አስነስቶ አያውቅም። ተመለሰ።

ይሄኔ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ተንቋቋ። ታላቅየው መጣ። ጉልበቱ እየጮኸ፣ አንድ እጁን መሬት አስደግፎ፣ እግሯ ሥር በርከክ አለ። ክራባቱ ምንጣፉ ላይ ተንጠለጠለ። ሰው ሁሉ እያየው፣ ጣቱን ዘርግቶ ተረከዟን ሁለቴ መታ አደረጋት።