በወንድሜ ዓይን ውስጥ የታየው ቀለበት

ለአንድ ወርቅ ሠሪ የቀለበትና የጉትቻ ፎቶ አነሳለሁ። የድሮው ሌንሴ የድንጋዩን ስንጥቅ አጥርቶ አላሳይ ስላለኝ፣ ከቅርብ የሚያነሳ ማክሮ ሌንስ ልመርጥ ካሜራ ቤት ሄድኩ። ወንድም ጋሼም አብሮኝ ነበር። እማዬ ናት "ይዘሽው ሂጂ፣ ብቻውን ከዋለ እግሩ ወደ መጠጥ ቤት ይመራዋል" ያለችኝ።

ወንድም ጋሼ ሰዓት ሠሪ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱም ይተሳሰራል። ተደብቆ ይጠጣል ብለን ደምድመን ነበር። እሱ "አልጠጣም" ይላል፤ ማን ሊሰማው። አባባ ከሱ ጋር አንድ ገበታ መቅረብ ከተወ ዓመት አልፎታል። እኔም ብሆን ባለፈው ሰሞን ኮቱን በርብሬ ጠርሙስ ፈልጌያለሁ። ሳጣ ደግሞ "መደበቂያ አያጣም" አልኩ በልቤ።

ባለ ሱቁ ሁለት ሌንስ አወጣልኝ። "ስልሳ ሚሊሜትሩ ቀላል ነው፤ ግን አፍንጫሽ ዕቃውን ሊነካ እስኪደርስ ካልተጠጋሽ አይሆንም፤ ጥላሽም ያርፍበታል። መቶው ይከብዳል፤ ራቅ ብለሽ ግን ያንኑ ታነሺበታለሽ።"

"በምን ልሞክረው?"

"በዓይን። ዓይንን አጥርቶ ያነሳ ለቀለበት አያንስም።"

ወንድም ጋሼን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። በስልሳው ሳነሳ ጥላዬ ፊቱን ሸፈነው። በመቶው ስንዝር ያህል ራቅ ብዬ ደገምኩ። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ስንከፍተው፣ የዓይኑን ጥቁር ክፍል ጠርዝ ጠርዙን ይዞ መዳብ የመሰለ ቀለበት ዞሮታል።

"ይሄ ሌንስ ቀለም ያበላሻል መሰለኝ" አልኩ።

ባለ ሱቁ የኔን ዓይን አነሳ፤ ምንም የለም። የሱንም አነሳሁ፤ ንጹሕ ነው። የወንድም ጋሼን ደገምን፤ ቀለበቱ ከነቦታው። ባለ ሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ይሄ የሌንስ ጥፋት አይደለም። ከመንገዱ ማዶ የዓይን ክሊኒክ አለ" አለኝ።

ሐኪሟ ሁለቱንም ዓይኑን በመሣሪያዋ ደጋግማ አየች። ከዚያ ስለ ዓይኑ ሳይሆን ስለ እጁ ጠየቀችው። "መጠጥስ?"

"ቀምሼ አላውቅም። የሚያምነኝ ጠፋ እንጂ።"

"እኔ አምንሃለሁ" አለች። "ጉበትህ ማስወጣት ያቃተው መዳብ ዓይንህና አንጎልህ ውስጥ እየተጠራቀመ ይመስለኛል። በዘር የሚመጣ በሽታ ነው፤ በምርመራ እናረጋግጠዋለን። መድኃኒት አለው።"

ኮቱን የበረበርኩበትን እጄን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ወንድም ጋሼ ግን ዝግ ባለ ድምፅ "ሕመሜ ስም አለው ማለት ነው?" ብቻ አላት።

ምርመራውም ያንኑ አረጋገጠ። ቤት ገብቼ ስነግራቸው እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። አባባ በማግስቱ ምሳ ሲቀርብ ወንበር ወደ ጎኑ ስቦ፣ "ና ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ" አለው። ወንድም ጋሼ በሩ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ለብቻው መብላት ለምዶ ነበርና።

ሐኪሟ እህት ወንድም ሁሉ ይመርመር ስላለች እኔም ደም ሰጠሁ። ምንም አላመመኝም፤ እጄም ፍንክች አይል። ውጤቱ ሲመጣ ግን በሽታው እኔም ላይ ተገኘ። "ሳይጀምርሽ ነው የደረስንበት" አሉኝ ሐኪሞቹ።

መቶ ሚሊሜትሩን የገዛሁት ከወር በኋላ ነው። አሁን ሁለታችንም መድኃኒታችንን በባዶ ሆድ እንውጣለን። የሱ እጅ ገና በደንብ አልረጋም፤ የእጅ ሰዓት አይደፍርም፣ የግድግዳ ሰዓት ግን መፍታት ጀምሯል። ይቅርታ የጠየቅኩት ዕለት፣ "ሰው ሁሉ ሰካራም ሲለኝ እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር እኮ" አለኝ።