ሐሊማ የምትነሳበት ሰዓት

የሺመቤት ለአሥራ አንድ ልጆች ብላ እሁድ ጠዋቷን ሠዋች ቢባል ውሸት ነው። የሠዋችው ለአንድ አባት ብላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኮሌጅ ኮምፒዩተር ስታስተምር ከርማ፣ ቅዳሜን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለልጆቹ ሰጥታ፣ የሚተርፋት ያቺው እሁድ ብቻ ናት፤ እሷንም እስከ አራት ሰዓት ተኝታ ብታሳልፋት ደስታዋ ነው። ግን ከተማሪዎቿ አንዷ የሆነችው የሰሚሐ አባት አቶ ሙሀመድየሱፍ «ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሱቄን ጥዬ አልመጣም፤ እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነ እመጣለሁ» ብለው በልጃቸው ላኩባት። የሺመቤት አንድ ቀን ሙሉ ስታጉረመርም ዋለችና ለሁሉም ወላጆች እየደወለች የልጆቹን ሥራ ማሳያ ቀን ቀየረች።

እንዲያ የተለማመጠችው ወዳ አይደለም። አቶ ሙሀመድየሱፍ ነገሩን ቁርጥ አድርገው ነው የላኩት። ልጄ ስልክ ላይ ጌም መጫወቷ አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ጌም መሥራት ትማራለች፤ አይቼ ፍሬ ያለው ነገር ካላገኘሁበት ከዚህ በኋላ ቅዳሜን ከእኔ ጋር ሱቅ ትውላለች ብለዋል። ሰሚሐ ይህን መልእክት ስታደርስ አንድም ቃል ሳታስቀር፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንደዚያ በሥነ ሥርዓት ስታዝን ማየት ለየሺመቤት ከለቅሶም የባሰ ሆነባት።

ክፍሏ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ የተከራየቻት ጠባብ ቤት ናት፤ ስድስት አሮጌ ኮምፒዩተሮች አሏት። ልጆቹ መጀመሪያ ሲመጡ ስለ ጌም የሚያውቁት መሮጥና መተኮስ ብቻ ነበር። እሷ ግን ከምትወዱት ጌም አንድ ጀግና ውሰዱ፣ ነገር ግን እዚህ ጣና ዳር የሚኖር አድርጉት አለቻቸው፤ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚያስቆመው፣ መቼ እንደሚያርፍ ራሳችሁ ወስኑ። ከዚያ ትእዛዞቹን ኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ጡብ እየደረደሩ ነፍስ ይዘሩበታል። አለበል የሚባለው ልጅ በአንድ መረብ ጉማሬ የሚያነሳ ዓሣ አስጋሪ ሠራ። የአስጋሪው ቆዳ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ሲጠየቅ ጌሙ ላይ እንደዚያ ነው ይላል።

ሰሚሐ ግን የሠራችው ሳትወለድ የሞቱትን የአባቷን እናት ነው። ሐሊማ ከባሕር ዳር ጨርቅና ጨው በጀልባ እያስጫኑ ከሐይቁ ማዶ እስከ ደልጊ የሚነግዱ ሴት ነበሩ። በልጅቷ ሥራ ላይ ደግሞ ወጣቷ ሐሊማ ታንኳዋን ራሷ ትቀዝፋለች፣ ማዕበል ትዘላለች፣ ጉማሬ ሲመጣባት ሻሿን እንደ ሸራ ወጥራ ታመልጣለች። መቼ ታርፋለች ለሚለው ጥያቄ ሰሚሐ አባቷ ሁልጊዜ የሚያወሩትን ጻፈች፤ ማታ ሦስት ሰዓት ትተኛለች፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ለፈጅር ሶላት ትነሳለች። ትእዛዟም አጭር ነበረች፤ ሰዓቱ ሦስት ካለፈና አሥራ አንድ ካልሞላ ተኚ። ስምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐሊማ አንድም ጊዜ ሳትሰንፍ ቀዘፈች። የሺመቤትም አይታ ጎበዝ ብላ አልፋዋለች።

እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሏ ሞላች። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጡት እናቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ልጃቸው ቢያስነጥስም የሚያጨበጭቡ ወላጆች ስለሆኑ የአለበል ጉማሬ አየር ላይ ሲንጠለጠል ቤቱ ተናጋ። አቶ ሙሀመድየሱፍ ብቻ አልተቀመጡም። በሩ አጠገብ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጣቃ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ያያሉ።

የሰሚሐ ተራ ደረሰ። ሐይቁ ብቅ አለ፣ ታንኳዋም ብቅ አለች። ሐሊማ ታንኳዋ ውስጥ ተጋድማ ተኝታለች። ሰሚሐ ቁልፉን ተጫነች፤ ሐሊማ ንቅንቅ አላለችም። ዘግታ እንደገና ከፈተችው፤ አሁንም እንቅልፍ ላይ ናት። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። አቶ ሙሀመድየሱፍ በሰዎቹ መሃል አልፈው መጡና ከታንኳዋ በላይ የተጻፈውን ስም አነበቡ።

«ይቺ እናቴ ናት?»

«አዎ፣ አባ» አለች ሰሚሐ።

«እናቴ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተኝታ አይቻት አላውቅም።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር። ሰሚሐ እንደገና ቁልፉን ተጫነች፣ እንደገናም ተጫነች፤ ጆሮዋ ቀላ።

የሺመቤት ወደ ሰሚሐ ወንበር ተጠጋች። በዚያች ክፍል አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ መምህር የልጅ ማውዝ አይነካም። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። ያቺን የእንቅልፍ ትእዛዝ መንጥቃ ብትጥላት ሐሊማ ዘላ እንደምትነሳ ታውቃለች፣ እጇም ተዘርግቶ ነበር። ሰሚሐ ቀና ብላ ያንን እጅ ስታየው ግን የሺመቤት እንደተቃጠለች ሁሉ ሰበሰበችው። ይልቅስ ስምንት ሳምንት ሙሉ በትክክል ሲሠራ ነበር ብላ ለአባትየው ልታስረዳ ሞከረች። ኮምፒዩተር የተበላሸበት ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ስለሆነ ለራሷም ጆሮ አልጣመም።

አቶ ሙሀመድየሱፍ የልጃቸውን ትከሻ ያዝ አድርገው እንሂድ ሊሉ ጎንበስ አሉ። ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። የኮምፒዩተሩን ጥግ አዩ፣ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ መልሰው ጥጉን አዩ።

«መምህርት፣ ይህ ነገር ስንት ሰዓት ነው የሚለው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ» አለች የሺመቤት ሳታስብ። ከኮምፒዩተር ጋር አሥር ዓመት ስትኖር የፈረንጅ ሰዓት ከዓይኗ ጋር ተዋህዷል፤ ስታነበው ልዩነቱ እንኳ አይታወቃትም።

አቶ ሙሀመድየሱፍ ልጃቸውን ምን ብላ እንዳዘዘች ጠየቋት። ሰሚሐ ከሦስት እስከ አሥራ አንድ ብላ ነገረቻቸው። ሰውየው ቀስ ብለው ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ቤት ከገቡ ጀምሮ ሲቀመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«መጀመሪያ ለንግድ ወደ ዱባይ ስሄድ ትኬቴ ሦስት ሰዓት ይላል» አሉ። «እኔ በማለዳ ተነስቼ፣ ሻንጣዬን አሥሬ፣ ልክ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቦሌ ደረስሁ። ቀድሜ መምጣቴ ኮርቼበት። አውሮፕላኑ ለካ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሄዷል።»

አንድ እናት ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የሺመቤት አልሳቀችም። ጥፋቱ የት እንደነበረ ቁልጭ ብሎ ታያት፤ ስምንቱም ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ስለነበር ኮምፒዩተሩ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት እያለ ነው የቆጠረው፤ በጠዋት የከፈተው ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ዘጠኝ ከሦስትና ከአሥራ አንድ መሃል ወደቀ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ሰዓት ብላችሁ ጻፉ አልሁ እንጂ የማን ሰዓት እንደሆነ አልነገርኋቸውም።»

«ለእኔም የነገረኝ አልነበረም» አሉ አቶ ሙሀመድየሱፍ፣ ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው መቁጠር ጀመሩ። ማታ ሦስት ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ሃያ አንድ ነው። ሌሊት አሥራ አንድ ደግሞ አምስት። ሰሚሐ በጣቷ ስድስት እየቆጠረች አረጋገጠች፤ አባቷ ሲናገሩ እሷ ስትጽፍ፣ ሃያ አንድ ካለፈ ወይም አምስት ካልሞላ ተኚ የሚለው ትእዛዝ ተጠናቀቀ። የሺመቤት እጇን በብብቷ ሸጉጣ ቆማለች።

ሐሊማ ብድግ አለች። መቅዘፊያዋን አነሳች፣ የመጀመሪያውን ማዕበል ዘለለች፣ ጉማሬውን ሸወደችው፣ ደልጊ ደረሰች። ወላጆቹ አጨበጨቡ፤ ይህኛው ጭብጨባ እንኳን ሐሰት አልነበረበትም። ሰሚሐ ግን ጭብጨባውን አልሰማችም፤ የምታየው አባቷን ነው። እሳቸው እናታቸውን እያዩ እንደገና ክፈቺው አሏት። ከፈተችው። ሦስተኛም አሳየቻቸው።

ሰዉ ተበታተነ። ስለ ቅዳሜ የተነገረ ነገር የለም፤ የሺመቤትም ደፍራ አልጠየቀችም። አቶ ሙሀመድየሱፍ አመስግነዋት የልጃቸውን እጅ ይዘው እስከ በሩ ሄዱ፤ እዚያ ቆም ብለው አሰቡና ተመለሱ።

«ሰሚሐ፣ እናቴ ግራኝ ነበረች። መቅዘፊያውን በግራ እጇ አስይዣት።»

ሰሚሐ እጃቸውን ለቃ ወደ ኮምፒዩተሩ ሮጠች።

«አሁን አይደለም» አሉ። «እናትሽ ምሳ ይዛ ትጠብቀናለች። ቅዳሜ ስትመጪ ትሠሪዋለሽ።»

የሺመቤት እስኪወጡ ድረስ ጨዋ ሆና ቆመች። በሩ ሲዘጋ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለችና እንባዋ እስኪመጣ ብቻዋን ሳቀች።