የገንዳ ውሃ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በድምፅ ስቱዲዮው ውስጥ ሁሉም «ገንዳው» ይለዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገንዳ ላይ ተደፍቶ ስለሚውል። ሥራው ለፊልም የውሃ ድምፅ መሥራት ነው። ተዋናይዋ ወንዝ ስትሻገር፣ ሕፃን ሲታጠብ፣ ጣሪያ ሲያፈስ ተመልካቹ የሚሰማው ውሃ ከወንዝም ከሰማይም የመጣ አይደለም፤ መስኮት ከሌላት ከዚያች ጠባብ ክፍል፣ ከገንዳው እጅ የወጣ ነው። ቀረጻ ቦታ ላይማ ውሃው የፈለገውን ያህል ቢያምር የጄኔሬተር ጩኸት፣ የመኪና ጡሩምባና የሰው ሳል አብሮት ይገባል። ስለዚህ ያ ድምፅ ይጣልና ውሃው እንደ አዲስ ይሠራል።

«አንተማ የታደልክ ነህ» ይለዋል በር ላይ የሚቀመጠው ጥበቃ። «እኛ እጃችን ውሃ ውስጥ ሲውል ልብስ አጣቢ ነው የምንባለው፤ አንተን ግን ባለሙያ ይሉሃል።»

«አንተስ እንቅልፍህን እየተኛህ አይደል ጠባቂ የምትባለው?»

ጥበቃው ይንከተከታል። ገንዳው ግን ከልቡ አይስቅም፤ ሥራው የዋዛ እንዳልሆነ ያውቃላ። ፕላስቲኩ ፕላስቲክነቱ እንዳይሰማ ከሥሩ አሮጌ ፎጣ ያነጥፍለታል። ለጅረት ጣቶቹን ፈርከክ አድርጎ ውሃውን ይነካካዋል፤ ለትልቅ ወንዝ መዳፉን ከውሃው በታች ዘርግቶ ቀስ ብሎ ይጎትተዋል፤ ውሃው እንዲከብድ ሲፈልግ ደግሞ የራሰ የቆዳ ጓንት ያጠልቃል። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይዋኛሉ። አንዴ አጠገቡ የነበረች ሴት «ወንድሜ፣ ደህና ነህ ግን?» ብላ ቦታ ቀይራለች።

የአክስቱ ልጅ እስኪመጣ ድረስ ነገሩ ሁሉ ሰላም ነበር። ልጁን ያስቀጠረው ደግሞ ራሱ ገንዳው ነው። አክስቱ «ተምሮ ተምሮ ጣሪያ እያየ ሊያብድብኝ ነው፤ እባክህ የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር አስይዝልኝ» ብላ ስትለምነው ማይክራፎን የሚያቆም፣ ገመድ የሚጠቀልል አድርጎ አስገባው። ቁመቱ ዘለግ ያለ ስለሆነ ሎጋው አሉት። ሎጋው ግን ገመድ ሲጠቀልል አልቀረም። ትንሽ መቅረጫ ተውሶ የሄደበትን ውሃ ሁሉ መልቀም ጀመረ፤ የድልድይ ሥር ውሃ፣ የፈነዳ ቧንቧ፣ የጎረቤት አሸንዳ። ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ሁሉ የሱን የጆሮ ማዳመጫ ለማጥለቅ ይጋፋል።

አንድ ቀን ዳይሬክተሯም አጠለቀችው። ሁሉም «እትዬ» የሚላት፣ ፊልም ስትሠራ እህል መብላት የምትረሳ ሴት ናት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችና «ውይ!» አለች።

ገንዳው እጁ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከእሷ ጋር ስንት ፊልም ሠርቷል። «ጥሩ ነው» ብላው ታውቃለች፤ «ተባረክ» ብላው ታውቃለች። «ውይ» ግን አንድም ቀን ብላው አታውቅም። ያቺ ቁራጭ ቃል ሆዱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ፣ አለ ለራሱ። ልጁ እንኳ አልነከሰውም፤ ቀና ሲል አይቶት «ወንድም ጋሼ፣ ና ስማው እስቲ!» ብሎ ማዳመጫውን ዘረጋለት።

«በኋላ። እጄ እርጥብ ነው» አለውና ተመልሶ ክፍሉ ገባ።

በዚህ መሐል አዲሱ ፊልም መጣ። የፊልሙ መጨረሻ ውሃ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ሸሚዙን ይዛ ወንዝ ዳር ትወርዳለች፤ ታጥበዋለች፤ ጨምቃ ልታሰጣው ነው ሲባል ትለቀዋለች። ሸሚዙ ይሄዳል። ንግግር የለ፣ ሙዚቃ የለ።

«እዚህ ጋ የሚናገረው ውሃው ነው» አለች እትዬ ሁለቱን ፊቷ አቁማ። «ውሃው ከዋሸ ፊልሜም ዋሸ። ሁለታችሁም ሥሩልኝ፤ የተሻለውን እወስዳለሁ።»

ሁለታችሁም! እስከዚያች ቀን ድረስ በዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ውሃ ማለት እሱ ነበር። ይህችን መጨረሻ ከተነጠቀ ነገ ገመድ ጠቅላዩ እሱ ሊሆን ነው።

ያን ሳምንት ከሰው ጋር አልተነጋገረም። ከቤቱ አሮጌ ሸሚዝ አመጣ። ሰማያዊው ፕላስቲክ ውስጥ ድንጋይ ደረደረ፤ አልጣመውም፣ አወጣው፤ እንደገና ደረደረው። ሸሚዙን ሲነክር፣ ሲያወጣ፣ ሲነክር ጣቶቹ ተጨማደው የሽማግሌ ጣት መሰሉ። ሎጋው በበኩሉ ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል፤ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ ያበራል። «ያገኘሁት ይመስለኛል ወንድም ጋሼ!» ይላል። ገንዳው በልጁ ጭቃ ሳይቀር ቀና። እሱ ስንት ወንዝ ሲሠራ እግሩ አንድ ወንዝ አልረገጠም።

በዚህ ላይ አክስቱ ደወለችለት። «ልጄ እኮ ወሬው ሁሉ አንተ ነህ። ‹ወንድም ጋሼ እጁ ላይ ወንዝ አለው› ይለኛል። እንዳከበርክልኝ ያክብርህ!» ምርቃቱ አንጀቱን አቃጠለው። የሚቀኑበት ሰው እንዲህ ሲወድ፣ መቅናት እንኳ በሰላም አይቻልም።

ሥራው የሚደመጥበት ቀን ደረሰ። ድምፁን ከምስሉ ጋር የሚያዋህደው ጋሼ የሚሉት ሽማግሌ ሁለቱንም ሥራ ተረክቦ አስተካክሏል። እትዬ አስቀድማ «የማን የትኛው እንደሆነ ለኔም እንዳትነግረኝ፣ ለነሱም እንዳትነግር። ስም ከሰማሁ ጆሮዬ ያዳላል» ብላዋለች። መብራቱ ጠፋ።

የመጀመሪያው ጀመረ። ውሃው ከሩቅ መጣና እግር ሥር ደረሰ። ሸሚዙ ሲገባ መጀመሪያ እምቢ እንደማለት አለ፤ ከዚያ ተቀበለው። ሴትየዋ እጇን ስትፈታ ደግሞ አንዲት ትንሽ ድምፅ ተሰማች፤ ሰው ተኝቶ እንደሚተነፍሰው ያለች። የገንዳው ክንድ ላይ ፀጉሩ ቆመ። ወዲያው ደነገጠ። እንዲህ ያለ ውሃ በገንዳ አይሠራም። ይሄ የልጁ ወንዝ ነው። አለቀልኝ።

ሁለተኛው ቀጠለ። ሰፊ ነው፣ ነፋስ አለበት፣ ሻከር ይላል። መሐል ላይ ቆርቆሮ ነገር የተነካ የሚመስል ድምፅ ቀጭ ብሎ ጠፋ። እቺ ውሃ የምቀዳባት ባልዲዬ ናት፣ አለ በልቡ፤ እግሬ ሳይነካት አልቀረም፤ ነፋሱን ጋሼ ጨምሮበት ይሆናል።

መብራቱ ሲበራ እትዬ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «እስቲ ተናገሩ» አለች። ሎጋው ጫማውን ያያል።

«የመጀመሪያው አይሆንም» አለ ገንዳው።

«ለምን?»

«የሞተ ውሃ ነዋ! መሄጃ የለውም፤ ዳር ይመታና ይመለሳል። ስሚው እስቲ፣ ግድግዳ አለው። ወንዝ ነው ብሎ ያመጣልሽ ሰው ከቧንቧ ነው የቀዳልሽ።» ምላሱ ተፈቶ ወደኋላ አልል አለ። «ይሄ ገንዳ ነው፣ እትዬ። ገንዳን እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው? ዕድሜዬን ገንዳ ላይ አይደል የጨረስኩት?»

«ተው አንተ ሰውዬ» አለ ጋሼ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ምን ተው! ጠየቀችኝ፣ ተናገርኩ።»

ሎጋው ፊቱ አመድ መስሏል። «ልክ ነው» አለ። «ወንዙ ውስጥ ቆሜ ስቀዳው ቆንጆ መስሎኝ ነበር። ወንድም ጋሼ ሞቷል ካለ ሞቷል። ይቅርታ እትዬ።»

ጋሼ ሁለቱን እያፈራረቀ አያቸው። «ወይ ጉድ!» አለ። «አንተ ልጅ፣ ያንተ ሁለተኛው ነው። ያ ቆርቆሮ ከማዶ ሰው ጣሳ ሲነክር ገብቶብህ ነው፤ ስለወደድኩት ተውኩት። ይሄ የመጀመሪያው፣» በአገጩ ገንዳውን አሳየ፣ «የዚህ ጉደኛ ነው።»

 ገንዳው ሊስቅ ሞከረ።

«የመጀመሪያውን ልወስደው ነበር» አለች እትዬ። «አፌን ልከፍት ስል ነው የቀደምከኝ።»

«ታዲያ ውሰጂዋ! እኔ እኮ ተሳስቼ ነው። ጥሩ ነው። እንዲያውም በጣም ጥሩ ነው!»

«ጋሼ፣ ድገምልኝ።»

ተደገመ። ገንዳው ስክሪኑን ትቶ የእሷን ፊት ያይ ነበር። ሸሚዙ ሲገባ ግንባሯ ተቋጠረ፤ ሲለቀቅ ራሷን ነቀነቀች።

«አሁን ግድግዳው ይሰማኛል» አለች። «ቅድም አልነበረም። ዳር መትቶ ሲመለስ ይሰማኛል። አንተ ነህ ጆሮዬ ውስጥ የከተትከው፤ ከእንግዲህ አይወጣም።»

«ኧረ የለም! ምንም ግድግዳ የለውም!»

«ዕድሜዬን ገንዳ ላይ ጨረስኩ አላልክም?» አለችው። አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ባሰበት።

ሎጋው ከመቀመጫው ተነሳ። «እትዬ፣ እዚያ ወንዝ ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ። እኔው ራሴ የሱን ሰምቼ የኔ ነው አልኩ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

ገንዳው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ የሚለው ሰው ሲጠብቅ ኖሯል። የተናገረው ይህ ልጅ ሲሆን ግን ምስጋናው እንደ ጥፊ ጮኸበት። «ዝም በል አንተ! ጠበቃ አልቀጠርኩም» አለው።

እትዬ ሁለተኛውን ወሰደች። ለመውጣት ቦርሳዋን ካነሳች በኋላ ወደ ገንዳው ዞር አለችና «ግን እጇ የለም» አለች። «ወንዙ አለ፤ የሴትየዋ እጅ የለበትም። እጇን አንተ ሥራልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገቡ። ሎጋው ማይክራፎኑን አቆመ፣ ማዳመጫውን አጠለቀ። ገንዳው እጅጌውን ጠቀለለ። ሊያበላሸው አስቦ ነበር፤ ትንሽ ቀደም፣ ትንሽ ጮኽ ማድረግ ይበቃል፤ ወንዙም አብሮ ይበላሻል፤ የሚያውቅበት የለም።

«ወንድም ጋሼ» አለ ሎጋው። «ያቺ ትንፋሽ የምትመስለዋ መጨረሻ ላይ የነበረችው... እንዴት ነው ያመጣሃት?»

«ረስቼዋለሁ።»

«እሺ። ወንዜን ለቅቄዋለሁ፤ ጀምር።»

ወንዜ! ስክሪኑ ላይ ሴትየዋ ጎንበስ አለች። ገንዳውም ጎንበስ አለ። እጁ ውሃው ውስጥ ሲገባ የጌታውን ክፋት አልሰማም፤ እንደለመደው ጣቶቹን ገጥሞ ገባ፣ ሸሚዙን ያዘ፣ ቆየ፣ ለቀቀ።

ሎጋው ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ይዞ «ገባ!» አለ። «ወንድሜን! ወንዜ ውስጥ ገባ!»

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነበር። ገንዳው ግን እጁን ከውሃው አላወጣም።

«ገና ነው» አለ። «አልወደድኩትም። ከመጀመሪያው አምጣው።»