ለዲቪና የሚሆን ቀለም

ዲቪና ከሆስፒታል የተመለሰችው ድና አይደለም። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤቷ ብትሆን ይሻላል» ስላሉ ነው። ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ በኔግሮስ ደሴት የሸንኮራ አገዳ ሰፈሮች የማያውቅ ሰው የለም። ኩላሊቶቿ ሥራ ትተዋል። እግሯ አብጧል፣ ፊቷም አብጧል፤ ቆዳዋ አመድ ላይ ቢጫ ውሃ የፈሰሰበት መስሏል። ገና ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላትም።

በመጣች ሰሞን ታላቅ እኅቷን ሮዌናን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻትና፣

«ማናንግ፣ ፎቶ መነሣት እፈልጋለሁ» አለቻት፣ በአገሩ ታላቅ እኅት በምትጠራበት ቃል። «ደህና ፎቶ። የምታሰማምሪኝ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«ለምንሽ ነው?»

«ለመንጃ ፈቃድ።»

ሁለቱም ሳቁ። ዲቪና እንኳን መኪና ብስክሌትም ነድታ አታውቅም። ሮዌና ግን ሳቋን ሳትጨርስ፣ ፎቶው ለቀብሯ እንደሆነ ገባትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የሮዌና ሥራ ሙሽራ ማሰማመር ነው። የመጣችላትን ሁሉ መጀመሪያ መስኮቱ ሥር ታስቀምጥና ከአገጯ በታች ጨርቅ በየተራ እየዘረጋች ታያለች። የምታየው ጨርቁን አይደለም፣ ጨርቁ ፊቷን ምን እንደሚያደርገው ነው። ይህን የተማረችው በሌላ በማንም ሳይሆን በታናሽ እኅቷ ፊት ላይ ነበር። ሮዌና ወደ አባቷ አድልታ ቀላ ያለች ናት፤ ዲቪና ግን የለየላት ጠይም፣ ከቆዳዋ ሥር እሳት የሚሞቅ የሚመስል ጠይም ነበረች። ብርማ ጌጥ ሲያስጠጉባት ፊቷ ይዳምናል፣ ወርቅማው ሲሆን ይበራል። ፍዝ ሮዝና ውሃ ሰማያዊ ለብሳ የታመመች ትመስላለች፤ የሸክላ ቀይ፣ የወይራ ቅጠል አረንጓዴ፣ የተቆላ ቡና ዓይነት ቡኒ ስትለብስ ደግሞ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያያታል። አንድ ጊዜ ለሰፈሩ ቅዱስ በዓል ሮዌና የሰናፍጭ ቢጫ ቀሚስ ሰፍታላት፣ ከንፈሯን የሸክላ ቀይ ቀብታ ላከቻት። የስኳር ፋብሪካው ወጣቶች ያን ቀን የበዓሉን ሰልፍ ትተው እሷን ሲከተሉ ዋሉ።

እናታቸው ናናይ ኮንሶላ ግን በዚያ ቀሚስ አልተደሰቱም። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አገዳ ሲቆርጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ፀሐይ ያከሰለችው ፊታቸው የት እንደዋሉ ሳይጠየቁ ይናገርባቸው ነበር፤ ገበያ ሲገቡ ባለሱቁ «አንቺ አገዳ» እያለ ይጠራቸዋል። ስለዚህ ዲቪናን «ከፀሐይ ግቢ!» እያሉ አሳደጓት። ልብስ ሲገዙላት ሁልጊዜ ፍዝ ሮዝ ነው። ዲቪና ባኮሎድ ከተማ ትልቅ ሱቅ ውስጥ የመዋቢያ ሻጭ ሆና ስትቀጠር አለቃዋ «ደንበኛ የምትሸጪውን ነገር ፊትሽ ላይ ማየት አለበት» አላት። ይህን የሰሙት እናት ከገበያ ስም ያልተጻፈበት የቆዳ ማንጫ ቅባት ብልቃጥ ገዝተው አመጡ። በጥቂት ወራት ልጅቷ ነጣች። ናናይ ኮንሶላ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፊተኛው ወንበር ላይ ያስቀምጧት ጀመር። ዓመት አልፎ እግሯ ማበጥ ሲጀምር ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃት «ፊትሽን ምን ስትቀቢ ነበር? ኩላሊት የሚያበላሽ ቅባት አለ» ብሎ ነው። እናት በሩ አጠገብ ቆመው ይሰሙ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቱ ውስጥ ያን ጥያቄ የደገመው ሰው የለም።

ፎቶው ሊነሣ በታሰበበት ጠዋት ሮዌና እኅቷን ደግፋ መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻትና ጨርቆቿን አወጣች። ከሁሉ በፊት የሰናፍጭ ቢጫውን አነሣች፤ እጇ ራሱ ወደዚያ ሄደ። አገጯ ሥር ስትዘረጋው ደነገጠች። ያ ሲያበራት የኖረ ቀለም የበሽታውን ቢጫ ጎትቶ ፊቷ ላይ አወጣው።

«ምን አየሽ?» አለች ዲቪና።

«እያሰብኩ ነው።»

«ማናንግ፣ መስታወቱን አምጪው። ሟርተኛ ይመስል ፊቴን ብቻ አትዪ።»

መስታወቱን ያዘችላት። ዲቪና ረጅም ጊዜ አየች።

«ይኼም ከዳኝ» አለች በመጨረሻ፤ ጨርቁን ራሷ አጥፋ መለሰችላት።

አረንጓዴው የባሰ ሆነ። ቡኒው አደከማት። የሸክላ ቀዩ ግን ሲቀርብላት ጉንጯ ላይ ትንሽ ደም የተመለሰ መሰለ፣ ብዙም ባይሆን። ሮዌና በዚያው ቀለም የተሰፋ ሸሚዝ አለበሰቻት። ከዚያ ፊቷን ጀመረች። ቅባቱ ያነጣው ቦታና ያልነካው ቦታ ተዥጎርጉሯል፣ አንገቷ ግን ያው የድሮው ጠይም ነው። ሮዌና የቆዳ መልክ ያለውን የፊት ቅባት፣ ፋውንዴሽኑን፣ ከአንገቷ ጋር እያመሳከረች ቀላቀለች። ከዓይኗ ሥር ያለውን ሰማያዊ ጥላ በብርቱካናማ ቅባት አጠፋች፤ ጉንጯ ላይ የነሐስ መልክ ያለው ፓውደር አሳረፈች፤ ዓይኗን በጥቁር ቡኒ ኳለች። ዲቪና ዓይኗን ጨፍና፣

«የሙሽሮችሽ ፊት ላይም እንዲህ ትተነፍሻለሽ? ነጭ ሽንኩርት በልተሻል» አለች።

«ዝም በይ፣ ከንፈርሽን እያበላሸሁት ነው።»

ናናይ ኮንሶላ የገቡት በዚህ መሐል ነው። እጃቸው ላይ አዲስ የተተኮሰ ፍዝ ሮዝ ቀሚስ ይዘዋል። የዲቪናን ፊት አይተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሮዌና፣ ምን አደረግሻት? አጠቆርሻት እኮ!»

«አላጠቆርኳትም ናናይ። ይኼ መልኳ ነው።»

«መልኳ? እንደዚያ ስንለፋ ኖረን? ይኼን ፎቶ ሰው ሁሉ ነው የሚያየው!» ቀሚሱን አልጋው ላይ ዘረጉት። «ይኼን አልብሻት። ፊቷንም ፈካ አድርጊላት። ልጄ ማማር አለባት።»

ሮዌና አፏ ድረስ የመጣ ቃል ነበራት። ብልቃጡን ልትጠራው ነበር። ዲቪና ግን ቀድማ የእናቷን እጅ ያዘች።

«ናናይ፣ ዛሬን ብቻ ተይኝ። አስቀያሚ ብሆን እኔ ነኝ አስቀያሚ የምሆነው።»

እናት እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁና ወጡ። ሮዝ ቀሚሱ እዚያው አልጋው ላይ ቀረ።

ፎቶ አንሺው ማኖንግ ኔልሰን ከመንገዱ ማዶ ነበር የመጣው፤ ለሰፈሩ ሠርግ፣ ክርስትናና ቀብር የሚያነሣ ጎልማሳ ነው። ሦስት አራቴ አነሣትና በካሜራው ትንሽ መስኮት አሳያት። ዲቪና አንገቷን አስግጋ አየች።

«ውይ» አለች። «ይቺን አውቃታለሁ። የት ጠፍታ ነበር?»

ከዚያ አለቀሰችና ኩሉ ሁሉ ፈሰሰ። ሮዌና እያበሰችላት ራሷም አለቀሰች። ማኖንግ ኔልሰን የካሜራውን ማንገቻ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ቆየ።

ዲቪና ወሩ ሳያልቅ ሞተች። ፎቶው ላይ ያየቻትን ሴት ዳግመኛ በመስታወት አላየቻትም፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት መስታወቱን ፊቱን ወደ ግድግዳው አስዙራው ነበር።

ሮዌና ወደ አስከሬን ማሰናጃው ቤት ሄዳ እኅቷን አለባብሳ ወደ ቤት ስትመለስ የሬሳ ሣጥኑ የሚያርፍበት ቦታ ተሰናድቶ፣ አበባው መሐል ትልቁ ፎቶ ቆሞ አገኘች። ቀረብ አለች። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ነጭ ናት፤ እንደ ሩዝ ዱቄት ነጭ። የሸክላ ቀዩ ሸሚዝ ወደ ሮዝ ገርጥቷል፣ ከንፈሯም እንዲሁ። ለለቅሶ የመጡት አክስቶች ዙሪያዋን ቆመው «እንዴት አምራለች! መልአክ!» ይላሉ።

ሮዌና ወጥታ መንገዱን ተሻገረች።

«እናትሽ ናቸው ያዘዙኝ» አለ ማኖንግ ኔልሰን፣ ሳትጠይቀው። «እዚህ ቆመው ‹ትንሽ አፍካት፣ ትንሽ› እያሉ… ሴትዮዋ እያለቀሱ እምቢ ልበል?»

«ያልተነካው አለህ?»

አለው። ወዲያው አተመላት። ሮዌና ፎቶውን ደረቷ ላይ አቅፋ ተመለሰች፤ አበባው መሐል ያለውን አንሥታ ይህንን አቆመች። አክስቶቹ ከፎቶው ፊት ገለል አሉ። ናናይ ኮንሶላ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። ትቆጣኛለች ብላ ሮዌና ራሷን አዘጋጅታ ነበር፤ መልሱንም፣ ብልቃጡንም፣ ሐኪሙንም ምላሷ ጫፍ ላይ አድርጋ ነበር የቆመችው።

እናት አልተቆጡም። ፎቶውን እያዩ የገዛ ጉንጫቸውን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይቺ እኮ እኔ ነኝ» አሉ። «ሃያ ዓመት ሲሆነኝ። አገዳው ውስጥ።» የፎቶውን ጠርዝ ያዙ። «ለልጄ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግሁላት። እኔን እንዳትሆን። በሕይወቷ አልሆነልኝም… አሁን እንኳ ተይላት፣ ልጄ። አንሺልኝ። አንሺልኝ በጌታ።»

ሮዌና የያዘችው ቃል ሁሉ ተነነ። እኚህን አሮጊት ምን ብላ ትወቅስ? ፎቶውን አነሣችና ነጩን መለሰችው። በቀብሩም ቀን ከሣጥኑ ፊት ተይዞ የሄደው ነጩ ነበር፤ ዲቪናን ፈጽሞ የማያውቁ መንገደኞች ኮፍያቸውን አውልቀው «አቤት፣ እንዲህ ያለች ቀይ ልጅ!» እያሉ አዘኑላት።

ሮዌና ለጥቂት ሳምንታት ሥራ አልሠራችም። ከዚያ ከአገዳ ቆራጮቹ ቤቶች አንዲት ሙሽራ እናቷን አስከትላ መጣች፤ ጠይም፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ሙቀት ያለው ቆዳ። መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሮዌና ጨርቅ ልታነሣ ስትል ልጅቷ እያፈረች፣

«ማናንግ፣ ይቅርታ… ነጣ አድርጊኝ፣ እሺ? ለፎቶው» አለቻት።

እናትየዋ ከኋላ ሆና በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች፤ ዓይኗ ልመና ነበር።

የድሮዋ ሮዌና ብትሆን ኖሮ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይሽ» ትል ነበር። አሁን ግን ለማን፣ ምን ብላ ትከራከር? ጨርቆቹን ሳትፈታ ወደ ጎን ገፋቻቸው። ከመደርደሪያው የፈካውን ፋውንዴሽን አወረደች፤ የእጇ መዳፍ ላይ ጨምቃ፣ ከልጅቷ ግንባር ጀምራ ወደ ታች ቀባቻት። አንገቷ ጋ ስትደርስ ልዩነቱ ስለታየ፣ አንገቷንም ቀባችው።